«ሼሬ ስንት ወለደ?»

አክሲዮን ገዝተናል፤ ቦንድ ገዝተናል፤ ገበያም ተከፍቶልናል። የቀረን ምን እንደ ገዛን ማወቅ ነው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ የአዲስ አበባ ትልልቅ አዳራሾች ሠርግ ያጣሉ። ባዶ ግን አይውሉም። የባንኮች የሒሳብ ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ፣ ኦዲት ተጠናቆ፣ ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠራው በዚሁ ሰሞን ስለሆነ፣ ሙሽራ በወጣበት በር ባለአክሲዮን ይገባል።

ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሰልፉ ረጅም ነው። ጠረጴዛዎቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል። መታወቂያ ይታያል፣ ስም ይፈለጋል፣ የድምፅ መስጫ ካርድ ይታደላል። የዘመድ ውክልና የያዙ ለብቻቸው ተሰልፈው «ማኅተሙ አይታይም» ከሚል ወጣት ጋር ይከራከራሉ። ለሚገባው ሁሉ አንድ የታሸገ ውኃና አንድ የሚያብረቀርቅ ወፍራም መጽሔት ይሰጠዋል። መጽሔቱ የባንኩ ዓመታዊ ሪፖርት ነው። ውኃው ወዲያው ይከፈታል።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው መነጽራቸውን ከቦርሳ አወጡ። መርካቶ ቅመም ሲነግዱ ኖረው ሱቁን አሁን ለልጆቻቸው ለቀዋል። ባንኩ ሲመሠረት የእቁባቸው ዳኛ «ግቡበት» ስላሏቸው ገቡበት፤ ከዚያ ወዲህ ጉባኤ ቀርተው አያውቁም። መጽሔቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዓይኔ ደከመ፤ እስቲ አንተ እየው። ሼሬ ዘንድሮ ስንት ወለደ?»

መድረኩ ላይ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተነገረ። የቦርድ ሰብሳቢው ንግግር አደረጉ፤ ፕሬዚዳንቱ በስላይድ ቅርንጫፍ ቆጠሩ። የውጭ ኦዲተሩ ተወካይ ደብዳቤያቸውን በአንድ ትንፋሽ ሲያነቡ ግማሹ ሰው ቡና ፍለጋ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ጥያቄ ተፈቀደ። ስድስት ሰዎች ተነሡ፤ አምስቱ የጠየቁት ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ስድስተኛው፣ ቀጭን ጎልማሳ፣ ሪፖርቱን ገልጦ እንደያዘ «የማይመለሰው ብድር ከአምናው ለምን ጨመረ?» አለ። ከኋላ «ሰዓት አትግደልብን!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ተከተለው።

ያ ሰው ያን ዕለት በአዳራሹ ከተጠየቀው ሁሉ ትልቁን ጥያቄ ነበር የጠየቀው። የሳቀበት ሕዝብ ግን ክፉ ሆኖ አይደለም። አጠገቤ ያሉት እናት በተናገሯት በዚያች በአንዲት ግስ ያስባል፦ ወለደ። አክሲዮን ደግሞ አይወልድም።

ያልታረደው በሬ

የካፒታል ገበያ ሥልጠና የሚሰጡ አንድ መምህር አሉ። ክፍላቸው በቅዳሜ ከሰዓት ይሞላል፤ የባንክ ሠራተኞች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ሥራ ለመቀየር የሚያስቡ ወጣቶች፣ አንዳንድ ጡረተኞች። ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት የመጀመሪያ ቃል «አክሲዮን» አይደለም። «ቅርጫ» ነው።

በዓል ሲደርስ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ። በሬው ይታረድና ሥጋው በመደብ ይከፈላል። ስምንት መደብ ከሆነ፣ አንዱን የያዘ ሰው ከበሬው ስምንተኛው የእሱ ነው፤ ከሻኛው፣ ከጉበቱም፣ ከአጥንቱም። በሬው ከሲታ ሆኖ ቢገኝ የሁሉም መደብ ይከሳል። «እኔ የከፈልኩት ለሰባ በሬ ነው» ብሎ ገንዘቡን የሚያስመልስ የለም።

አክሲዮን ይኸው ነው፤ በሬው አለመታረዱ ብቻ ይለየዋል። ያርሳል። ባለ መደቦቹ በየዓመቱ ካረሰው ይካፈላሉ፤ ዝናብ የቀረ ዓመት አይካፈሉም። መውጣት የፈለገ መደቡን ለሌላ ሰው ይሸጣል እንጂ ከበሬው ላይ ቆርሶ አይሄድም።

አሁን በሌላ በኩል ያስቡት። ጎረቤትዎ በሬ መግዣ አነሰኝ ቢልዎ 10,000 ብር አበደሩት እንበል። በሬው ቢሞት ብርዎን ከነወለዱ ይጠይቁታል። ሰብሉ ከአምናው እጥፍ ቢሆን ደግሞ ከተስማማችሁበት በላይ አንዲት ጣሳ ጤፍ አያገኙም። ቦንድ ይህ ነው። ወለደ የሚባለው እዚህ ጋ ነው፤ መውለዱ አስቀድሞ በውል ተጽፏልና።

ቦንድ የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን የተማርነው ከዓባይ ግድብ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ በኋላ ከደመወዝ እየተቆረጠም፣ በፈቃድም፣ በስብሰባ ጭብጨባም ገዝተናል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አንዲት የባንክ ሠራተኛ እንደነገረችኝ ግን ሰነዱን ይዘው መስኮቷ ላይ የሚቆሙ ሰዎች ዛሬም «ይሄ ገንዘብ ይመለሳል እንዴ?» ብለው ይጠይቋታል። መዋጮ እንደሰጠ ሰው ነው ያስታወሱት። የያዙት ግን የብድር ሰነድ ነው፤ እነሱ አበዳሪ ናቸው።

የግምጃ ቤት ሰነድም የዚሁ ቤተሰብ ታናሽ ነው። መንግሥት ለ28፣ ለ91፣ ለ182 ወይም ለ364 ቀን ይበደርበታል። ወለድ አይጻፍበትም፤ ቀኑ ሲደርስ 100 ብር የሚመለስበትን ሰነድ ዛሬ ከ100 ብር በታች ይገዙታል፤ ልዩነቱ ትርፍዎ ነው። ገበያ በሚወስነው ዋጋ በጨረታ መሸጥ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ቢሆነውም ተራው ሰው እስካሁን የባንኮችና የጡረታ ድርጅቶች ጉዳይ አድርጎ ያየዋል።

መምህሩ ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ያክላሉ፤ ክፍሉም ጸጥ የሚለው ያን ጊዜ ነው ይላሉ። ኩባንያ ሲፈርስ መጀመሪያ የሚከፈለው አበዳሪ ነው። ባለአክሲዮን መጨረሻ ላይ ገብቶ ይቃርማል።

> አበዳሪ ነዶውን ይወስዳል፤ ባለአክሲዮን ቃርሚያውን።

ባንክ ከማስቀመጥ ባንኩን መግዛት

የመርካቶዋ እናት ግን ከመሬት ተነሥተው አልተሳሳቱም። አገሪቱ ራሷ ለሠላሳ ዓመት ያህል ይህን ስህተት ስታስተምራቸው ኖራለች።

ደርግ ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን በታኅሣሥ 1967፣ ትልልቅ ፋብሪካዎችን በጥር ከወረሰ በኋላ አክሲዮን የሚባል ነገር ለአንድ ትውልድ ጠፍቶ ነበር። የግል ባንክ የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው። አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል በ1987 ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የውጭ ባንክ መግባት ክልክል ነበር። ብድር ፈላጊው ብዙ፣ አበዳሪው ጥቂት። እንዲህ ባለ የተከለለ ኩሬ ውስጥ መረቡን የጣለ ሁሉ ዓሣ ያገኛል። ባንኮቹ በየዓመቱ አተረፉ፤ ባለአክሲዮኑ በየዓመቱ ተካፈለ። ዓመት ሳይዘል የሚመጣ ገንዘብ ደግሞ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ወለድ ይመስላል።

ቁጠባው በሌላ በኩል ገፋ። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲወጣ፣ ባንክ የተቀመጠ ብር ቁጥሩ እየጨመረ አቅሙ እየመነመነ ነበር። ቤት መግዛት ያልቻለ፣ መሬት ያልደረሰው የከተማ ሰው ወደ አክሲዮን ዞረ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በጊዜው የሰፈራቸውን ምክር እንዲህ ሲሉ አስታውሰውኛል፦ «ባንክ ከምታስቀምጥ ባንኩን ግዛ»።

ወለድ መብላት በሃይማኖቱ የተከለከለበትም ሰው በዚሁ በር ነው የገባው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ ባንክ ሆኖ ሲከፈት ከባለአክሲዮኖቹ ብዙዎቹ ትርፍንና ወለድን ለይተው የሚያውቁ ነበሩ። በዚህ ረገድ ከሌሎቻችን ቀድመዋል ማለት ይቻላል። ትርፍ የተፈቀደው ኪሳራም ስላለበት መሆኑን በልጅነታቸው ተምረውታል።

ኩሬው አሁን እየተከፈተ ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ዓሣው እንደ ድሮው ለሁሉም ይበቃል ብሎ የሚምል የባንክ ኃላፊ እኔ አልገጠመኝም።

የጆሮ ዋጋ

ካፌ በረንዳ ላይ ሁለት ስልክ ዘርግቶ የሚቀመጥ የሼር ደላላ አውቃለሁ። ቤትና መኪናም ያሻሽጣል፤ ሼር ግን «ንጹሕ ሥራ» ነው ይላል፤ ቁልፍ ይዞ ፎቅ መውጣት የለበትም። የአንድ ባንክ አክሲዮን ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ ስጠይቀው ሳቀ።

«ሻጩ ማን ነው? ቸኩሏል?»

መልሱ ሁሉን ይናገራል። በሰነዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ ባለሙያዎቹ ፓር ቫልዩ የሚሉት፣ አንድ ሺህ ብር ይሁን መቶ ብር፣ ገበያው ላይ የሚያወጣው ከዚያ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ያንን ግን የሚያውቀው ደላላው ነው። ሻጭና ገዢ ይገናኛሉ፣ ይዋዋላሉ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ይፈርማሉ፣ ከዚያ ባንኩ የአክሲዮን ክፍል ደርሰው ስም ያዛውራሉ። በዚያው ሳምንት ሌላ ሰው ያንኑ አክሲዮን በስንት እንደሸጠ ሁለቱም አያውቁም። ባሏ ታሞባት ለሕክምና አክሲዮኑን የሸጠች አንዲት ሴት፣ ገዢዋ በሁለተኛው ወር ብዙ አትርፎ እንደሸጠው የሰማችው ከፀጉር ቤት ነው።

ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የሚባለው ነገር ከሁሉ በፊት የዚህ መድኃኒት ነው። ስሙ ይከብዳል። ሥራው ግን እህል በረንዳን የሚያውቅ ሰው የማይስተው ነው፦ ሻጭ «በዚህ እሸጣለሁ»፣ ገዢ «በዚህ እገዛለሁ» ይላል፤ ሁሉም ይሰማል፤ ሁለቱ ቃል ሲገጥሙ ሽያጭ ይሆናል፤ ያ ዋጋ ለአገሩ ሁሉ ይነገራል። እዚህ ጩኸቱ በኮምፒውተር መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተው የምርት ገበያ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። እዚያ የሚሸጠው ቡናና ሰሊጥ ነው፤ እዚህ ድርሻና የብድር ሰነድ።

> ዋጋ የሚሰማበት ገበያ ዋጋ ሲወርድም ይሰማበታል።

ደላላው ራሱ ይህን ሲያስበው ደስ አይለውም። ሕጉ አሁን ሰነደ መዋዕለ ንዋይ የሚያሻሽጥ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ይጠይቃል። «ተማር አሉኝ» አለኝ፤ ቡናውን እያማሰለ። ይማር እንደሆነ ስጠይቀው ሌላኛውን ስልክ አነሣ።

ሦስተኛው ሙከራ

በጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደወል ተደውሎ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሲመረቅ «በታሪካችን የመጀመሪያው» ያሉ ነበሩ። ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክ አክሲዮኖቹን የሸጠው ከአዲስ አበባ ሌላ በካይሮ፣ በለንደንና በፓሪስ ጭምር ነበር። ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር የአክሲዮን ሻጭና ገዢ የሚገናኙበት አንድ ቡድን ተቋቁሞ የጥቂት ኩባንያዎች አክሲዮን ይገበያይ ጀመር። አሥር ዓመት ሳይሞላው አብዮቱ መጣ። የዚያን ዘመን የአክሲዮን ወረቀት በመስታወት አስገጥመው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ጡረተኛ አይቻለሁ። ልጆቻቸው የድሮ ዲፕሎማ ይመስላቸዋል።

የአሁኑ ሙከራ ከፊተኞቹ የሚለየው በሕግ መጀመሩ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ገበያው ራሱ አክሲዮን ማኅበር ነው፤ መንግሥት ሩቡን ሲይዝ ቀሪውን የአገር ውስጥ ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ከውጭም የናይጄሪያው የአክሲዮን ገበያ ቡድንን የመሳሰሉ ገዙት፤ ከታሰበው እጥፍ በላይ፣ 1.5 ቢሊዮን ብር ያህል ተሰብስቧል። በደወሉ ዕለት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር፤ ገዳ ባንክ ተከተለ።

ማን ምን እንደሚሠራ ለማስታወስ እቁብን ያስቡ። እቁብ ዳኛ አለው፤ ደንብ የጣሰውን የሚቀጣው። እዚህ ዳኛው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። እቁብ ጸሐፊ አለው፤ የማን ስንት እንደሆነ መዝግቦ የሚይዝ። እዚህ ያንን የሚሠራው የወረቀቱን ሰርተፍኬት በኤሌክትሮኒክ መዝገብ የሚተካው ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ነው። ፈቃድ ያለው ደላላ የእርስዎን ትዕዛዝ ወደ ገበያው ያደርሳል፤ እርስዎ በቀጥታ ገብተው አይጫረቱም። ኢንቨስትመንት ባንክ ደግሞ በስሙ አይሳሳቱ፤ ቁጠባ አይቀበልም። ኩባንያዎች አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ሲሸጡ ዋጋውን የሚተምነውና ሰነዱን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። የሚከፍለውም ሻጩ ኩባንያ ነው። ምክሩን ሲሰሙ ይህችን አይርሷት።

የ33 አክሲዮን ትምህርት

ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ወር ያህል መላው አገር በስልኩ አክሲዮን መግዛት ይችል ነበር። ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ በቴሌብር አቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር፤ ትልቁ ከአንድ ሚሊዮን ብር ትንሽ ያነሰ። መጨረሻ ላይ 47,377 ሰዎች 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ገዙ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ። ከቀረበው አሥረኛው ብቻ ተሸጠ ማለት ነው።

ሽያጩን ውድቀት ያሉት ብዙ ናቸው። እኔ በከፊል አልስማማም። የዚያን ሰሞን ታክሲ ውስጥም፣ ቢሮ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም ሳይቀር የሰማሁት ክርክር ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ነበር። «33 አክሲዮን ገዝቼ ከኩባንያው ስንት እጅ ያዝኩ?» የሚል ሰው ገጠመኝ። ስሌቱ ቀላል ነው። 10 በመቶው 100 ሚሊዮን ከሆነ ሙሉው አንድ ቢሊዮን አክሲዮን ነው፤ በ300 ብር ሲባዛ ኩባንያው 300 ቢሊዮን ብር ተተምኗል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ያወጣል ወይ?» ነው፤ ለዚያ የሚረዳው ፕሮስፔክተሱ፣ በሕጉ አማርኛ ደንበኛ ሳቢ መግለጫው፣ ለሁሉም ክፍት ነበር። ካነጋገርኳቸው ሰዎች ያነበበው አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ነው። ሌሎቹ «ቴሌ አይከስርም» ብለው ገዙ፤ ወይም «ስሸጠው የት እሸጠዋለሁ?» ብለው ተዉት። የኋለኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። መውጫውን ሳያይ አዳራሽ የማይገባ ሰው ብልህ ነው።

ዋጋ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዛሬ በከተሞቻችን ሲም ካርድ የሚሸጠው ሳፋሪኮም በ2000 ዓ.ም. ሰኔ ናይሮቢ ገበያ ላይ ሲቀርብ አንዱ አክሲዮን 5 ሽልንግ ነበር። ከ800 ሺህ በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ ከቀረበው አምስት እጥፍ ያህል ተጠየቀ፤ ከባንክ ተበድሮ የገባም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዋጋው ዘለለ። ዓመት ሳይሞላው ከ3 ሽልንግ በታች ወረደ። ተበድሮ የገባው ሰው ወለዱን እየከፈለ በኪሳራ ሸጠ። ሳይበደር የገባውና የታገሠው፣ ከ13 ዓመት ገደማ በኋላ ከ40 ሽልንግ በላይ ሲደርስ አየው፤ ከዚያም እንደገና ሲወርድ። ኩባንያው ያው፣ አክሲዮኑ ያው ነው። ልዩነቱን ያመጣው ገዢው የገባበት ገንዘብ የማን እንደነበረ ነው።

ሕግም ይወርዳል፣ ይወጣል

በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዱ፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ኢትዮጵያውያን በ1990ዎቹ ዓ.ም. በባንክና በኢንሹራንስ አክሲዮን ያላቸው ብዙ ነበሩ፤ አንዳንዱ በራሱ፣ አንዳንዱ በእናቱ ስም። በ2008 ዓ.ም. የውጭ ዜግነት የያዙ ሁሉ ድርሻቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። የተከፈላቸው ሰነዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ነበር፤ አክሲዮኖቹ በጨረታ የተሸጡት ግን ከዚያ በላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሕጉ ተሻሽሎ በሩ እንደገና ተከፈተላቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ ጠና ያሉ ሰው፣ «አልገባም» አሉኝ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ነጋዴ። ድርሻ ሲገዙ የሚገዙት ኩባንያውን ብቻ እንዳልሆነ፣ የአገሩን ሕግ ልማድም አብረው እንደሚገዙ ተምረዋል። ይህ በየትኛውም የሥልጠና መጽሐፍ «አደጋ» በሚለው ምዕራፍ ውስጥ አለ። እሳቸው ምዕራፉን ከፍለው ነው ያነበቡት።

እኔም የራሴ ምዕራፍ አለኝ። በሚሌኒየሙ ሰሞን፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ድምፅ ማጉያ ተተክሎ፣ የሚያምር ፎቅ በቀለም የተሣለበት ወረቀት ሲታደል፣ በምሥረታ ላይ ባለ አንድ አክሲዮን ማኅበር 20 ሺህ ብር አስገባሁ። ስሙን አልጠራም። ፎቁ ከወረቀቱ አልወጣም። ከዓመታት ደጅ መጥናት በኋላ ገንዘቤ ተመለሰ፤ ያለ ወለድ፣ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ ከላይ የተነሣው ተቀንሶ። ብሩ የተመለሰውም በምሥረታ ላይ ያለ ማኅበር የሰበሰበው ዋና ገንዘብ ማኅበሩ እስኪቋቋም በዝግ የባንክ ሒሳብ መቀመጥ ስላለበት ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ከከፈልኩ በኋላ ነበር። ስከፍል ያየሁት ሥዕሉን ብቻ ነበር።

ለዚህ ነው በቴሌግራም «በወር እጥፍ» የሚሉትን ሰዎች ስሰማ የማልሥቀው። ከእኔ የባሰ የዋህ አይደለም የሚገባላቸው። በወር እጥፍ የሚሆን በሬ ግን አላየሁም።

> በምሥረታ ላይ ያለ ማኅበር የሚሸጥልዎ ሥዕል ነው፤ በጉባኤ ላይ ያለው ግን ሒሳብ ያሳይዎታል። ካዩት።

በሬው ሳይወፍር መደቡ ሲበዛ

ወደ አዳራሹ እንመለስ። እናቲቱ ጥያቄያቸውን አልተዉም።

«በፊት የነገሩን ትርፉ አድጓል ብለው ነው። ታዲያ የእኔ ለምን አነሰ?»

መጽሔቱን ተቀበልኳቸው። ከፎቶዎቹ፣ ከሰብሳቢው መልእክት፣ ከተመረቁት ቅርንጫፎች በኋላ ሠንጠረዦቹ ይገኛሉ። ትርፉ በእርግጥ አድጓል። ካፒታሉ ግን ከትርፉ በበለጠ አድጓል። ብሔራዊ ባንክ እያንዳንዱ ነባር ባንክ ካፒታሉን እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርስ አዝዞ ነበርና፣ ባንኮች ሁሉ አዲስ አክሲዮን ሲሸጡ ከርመዋል። ነባሩ ባለአክሲዮን ካልጨመረ እጁ ይሳሳል።

«እማዬ፣ ቅርጫ ያውቃሉ አይደል? አምና በሬው ስምንት መደብ ነበር። ዘንድሮ በሬው ትንሽ ወፍሯል፤ መደቡ ግን አሥራ ሁለት ሆኗል።»

ለአፍታ አሰቡ። «አራቱን ማን ጨመረብኝ?»

«እርስዎ። አምና በዚህ ጉባኤ ካፒታል ይጨመር ሲባል እጅ አውጥተው ይሆናል።»

ሳቁ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ሁሉም ሲያወጣ አወጣሁ እኮ!»

ካፒታል መጨመሩ ስህተት አልነበረም፤ ግዴታ ነበር፤ ጠንካራ ባንክ ለባለአክሲዮኑም ይበጃል። ግን ሳያውቁት ያጸደቁትን ነገር በዓመቱ «ለምን አነሰ?» ብሎ መጠየቅ ባለአክሲዮን ነኝ ከሚል ሰው አይጠበቅም። ያን ቀጭን ጎልማሳም መለስ ብዬ አሰብኩት። የማይመለስ ብድር ዛሬ ሲጨምር ነገ ከትርፉ ላይ መጠባበቂያ ተብሎ ይነሣል። የሚቀነሰው ከዚያው ሁሉም ከሚጠይቅበት የትርፍ ክፍፍል ነው። የሳቁበት ሰዎች ያቀረቡትን ጥያቄ ነው እሱ ከሥሩ የጠየቀው።

ድምፅ ተሰጠ። ሁሉም አጀንዳ በካርድ መነሣት አለፈ። እናቲቱ ካርዳቸውን ከማንሣታቸው በፊት በዚህኛው ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የውጭ ኦዲተር ሹመት ነበር። «ያ ሲያነብ የወጣንበት ሰውዬ?» አሉ፤ ካርዱን ለጥቂት ይዘው ቆዩና አነሡት።

እርስዎም በየትኛውም አክሲዮን ማኅበር ድርሻ ካለዎት የጉባኤው ጥሪ በጋዜጣ ይወጣል። ሒሳቡንና የኦዲተሩን ሪፖርት ከጉባኤው ቀን በፊት ጠይቆ ማየት የባለአክሲዮን መብት ነው፤ የአክሲዮን ክፍሉን ይጠይቁ። የኦዲተሩን ደብዳቤ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ካጡት አይገረሙ፤ ብዙ ጊዜ ከፎቶዎቹ በኋላ ነው የሚገኘው።